ሳይዘንብ ስጡን እናስገባ!

እስቲ ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ትናንት የት ዋላችሁ?

«ሥራ»፣ «ትምህርት ቤት»፣ «እቤት» ምናምን እንዳትሉኝ። እሱን እናታችሁም ታውቀዋለች። እኔ የምጠይቃችሁ ስለሌላው ውሏችሁ ነው። ጠዋት ፊታችሁን ሳትታጠቡ ቲክቶክ ላይ የማን ቪዲዮ ሥር ሳቃችሁ? የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ቴሌግራም ላይ ለማን ምን ላካችሁ? ምሳ ሰዓት ፌስቡክ ላይ ከማን ጋር ተከራከራችሁ? ማታ ዩቲዩብ ላይ «በኋላ አየዋለሁ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትስ ምን ነበር?

«እኔ እንጃ!» ካላችሁ አትደንግጡ፤ የብዙዎቻችን መልስ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንናገር፣ ስንስቅ፣ ፎቶ ስናነሳ፣ ስንታረቅ ስንጣላ እንውላለን። ማታ ላይ ግን ያ ሁሉ ኑሮ በአንድ ቦታ የለም። ቁራጩ እዚያ፣ ቁራጩ እዚህ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? እኛም እንደዚያው ነን።

ነገሩን ሳስበው ሁሌ የሚመጣብኝ ስጥ ነው። ከተሜ ሆናችሁ ስጥ ምን እንደሆነ ግራ የገባችሁ ካላችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። እህሉ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ሰሌን ወይም ሸራ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ዶሮ እንዳይለቅመው አንድ ልጅ ይቀመጥበታል። ሰማዩ ጠቆር ሲል ታዲያ የቤቱ ሰው ሁሉ «ስጡን አስገቡ!» እያለ ይሯሯጣል። የእኛ የዘመኑ ልጆች ስጥ ግን ለየት ይላል። የተሰጣው በራሳችን ግቢ አይደለም፤ በአምስትና በስድስት ባዕድ ሰው ግቢ ነው። ዶሮ የሚከላከልልን የለም። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣም የሚነግረን የለም።

የሹሩባ ሠሪዋ ነገር

ስሟን አልጠቅስም፤ ሰፈሯንም እንዲሁ። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ነው። እጇ የተባረከ ሹሩባ ሠሪ ናት። በየዓመቱ ጥር ሲደርስ ሙሽሮች ቀን ይይዙባታል፤ ክረምት ላይ ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጡ ልጆች ሳይቀሩ ገና ሳይሳፈሩ መልዕክት ይልኩላታል። የሠራችውን ሁሉ ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ትለጥፋለች። ዋጋውን ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ታሳውቃለች። የቀጠሮ ዝርዝሯ ደግሞ ከደንበኞቿ ጋር የተጻጻፈችው መልዕክት ራሱ ነው። ደብተር የላትም።

ባለፈው ዓመት ጥር ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታክሲ ልትሳፈር ስትል ስልኳን መንትፈዋት ጠፉ። «ስልኩ ይቅርብኝ፤ ቁጥሬን አስመልሳለሁ» ብላ ሲም ካርድ ልታስወጣ ሄደች። ለካስ ሲም ካርዱ የተመዘገበው በእሷ ስም አይደለም። ያኔ የገዛላት የቀድሞ ፍቅረኛዋ ነው! «ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» ተባለች። ከልጁ ጋር ደግሞ ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

«ሄጄ ልለምነው እንዴ?» አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ቴሌግራም ሲከፈት ማረጋገጫውን የሚልከው በቁጥሯ ነው። ቁጥሯ ከሌለ መግቢያ የላትም። ቻናሉ ግን አልጠፋም። በእህቷ ስልክ ከፍታ እንደማንኛውም እንግዳ ታየዋለች። የአራት ዓመት ሥራዋ እዚያው ተደርድሮ አለ፤ አንዲት መስመር ግን መጻፍ አትችልም። የተናገረችው ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «የራሴን ቤት በመስኮት እያየሁት ነው።»

የትኛዋ ሙሽራ በየትኛው ቀን እንደያዘቻት ስለማታውቅ ያን ጥር ብዙ ገበያ አመለጣት። አንዳንዶቹ ሙሽሮችም «ዘጋችን» ብለው ተቀየሟት። ይኸውላችሁ፤ «ኢንተርኔት ላይ አለ» ማለትና «እኔ ጋ አለ» ማለት ሰማይና ምድር ናቸው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የተበተነን ኑሮ በአንድ ረድፍ የመሰብሰብ ሐሳብ የዛሬ አይደለም። እኔና እናንተ ኢንተርኔት የሚባለውን ሳናውቅ፣ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሊቁ ዴቪድ ገለርንተርና ተማሪው ኤሪክ ፍሪማን አንድ ነገር አሰቡ። የሰው ልጅ ሰነዱን በየመሳቢያው ከሚበትን ሁሉንም እንደ ጅረት በጊዜ ቅደም ተከተል ለምን አያፈሰውም አሉ። የጅረቱ መነሻ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ የጻፍከው ደብዳቤ፣ ያነሳኸው ፎቶ፣ የከፈልከው ሒሳብ በየቀኑ እየተከተለ ይፈሳል። ጅረቱ ወደፊትም ይዘረጋል፤ የነገ ቀጠሮህም ከፊትህ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ስሙንም «የሕይወት ጅረት» እንደማለት አሉት።

ዓመታት አለፉ። ፌስቡኩም፣ ትዊተሩም፣ ዩቲዩቡም ተወለደ፤ ሰውም ተበተነ። ይኼኔ እ.ኤ.አ በ2007 ከጎግል የወጡ አራት ባለሙያዎች ፍሬንድፊድ የሚባል አገልግሎት ከፈቱ። ከአራቱ አንዱ ጂሜይልን የሠራው ፖል ቡክሃይት ነው፤ ሌላው ብሬት ቴይለር ነው። ሥራው ቀላል ነበር። «ዩቲዩብ ላይ ስሜ ይኼ ነው፤ ትዊተር ላይ ይኼ ነው፤ ብሎጌ እዚህ ነው» ብላችሁ ታስመዘግባላችሁ። ከዚያ በኋላ የትም ብትውሉ ያደረጋችሁት ሁሉ ወደ አንድ ገጽ ይፈሳል። ጓደኞቻችሁ አምስት ቦታ ሳይንከራተቱ እዚያው ያዩታል፤ እዚያው ይጨዋወታሉ። ዛሬ እጃችን የለመደው «ወደድኩት» የሚለው ነገር እንኳ ፌስቡክ ላይ ከመምጣቱ በፊት ፍሬንድፊድ ላይ ነበር።

ግሩም ነው አይደል? መጨረሻውን ስሙልኝ። በነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ ፌስቡክ ፍሬንድፊድን ገዛው። በመጋቢት 2015 «ልንዘጋው ነው» ተባለ። በሚያዝያ 9 ቀን 2015 ተዘጋ። ማስጠንቀቂያው አንድ ወር ብቻ ነበር። የተበተነ ስጣቸውን ሁሉ ሰብስበው እዚያ ያስገቡ ሰዎች ጎተራው ራሱ የሰው ሆኖ ተገኘ!

ዝናቡ ሲመጣ

«እሱ ትንሽ ድርጅት ስለሆነ ነው፤ ትልልቆቹ አይዘጉም» የሚል አይጠፋም። ጂኦሲቲስ በዘመኑ ሰዎች በነጻ የግል ገጽ የሚሠሩበት ግዙፍ መንደር ነበር። ያሁ በ1999 እ.ኤ.አ ገዛው፤ በጥቅምት 2009 አሜሪካ ውስጥ ዘጋው። በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው የቻሉትን ያህል ባይቀዱት ኖሮ የስንቱ ድካም ውኃ በልቶት ነበር። ታላላቆቻችን ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈሉ የተዋወቁበት፣ አንዳንዶቹም የተጋቡበት ያሁ ሜሴንጀር በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ ተዘጋ። ጎግል ራሱ ብዙ የለፋበት ጎግል ፕላስ በሚያዝያ 2019 ለተራው ተጠቃሚ ተዘጋ። ማይስፔስ ደግሞ በዚያው ዓመት ንብረቱን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሲያዛውር ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ፎቶ፣ ዘፈንና ቪዲዮ እንደጠፋ አስታወቀ። አስቡት፤ አልተዘጋም፣ አልከሰረም። ዕቃ ሲያዛውር ነው የጠፋው።

የእኛ ሀገር ዝናብ ደግሞ ሌላም ዓይነት አለው። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ሰው ከኢንተርኔት ተለይቶ ኖሯል። በየካቲት 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው አምስት ወር ገደማ ቆይተዋል። እንዲህ ባለው ቀን የሟች አባትህ ፎቶ ያለው ፌስቡክ ላይ ብቻ ከሆነ ምን ታደርጋለህ? ሰማይ ሰማይ ማየት ነው።

«የማውቀው ሳቁን ብቻ ነበር»

አሁን የምነግራችሁ ግን ከፎቶና ከገበያ ያለፈ ነው።

የማውቃት አንዲት የቢሮ ሠራተኛ አለች። የሃያ አራት ዓመት ወንድሟ ታሞ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ለአርባው ፎቶውን ልታሳትም ብላ ፍለጋ ጀመረች። ፌስቡኩን አየች፤ ቲክቶኩን አየች። ጓደኞቹን እየደወለች «እባካችሁ ቴሌግራም ላይ የላከላችሁ ነገር ካለ ላኩልኝ» አለቻቸው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ያላቸውን ሁሉ ላኩላት። ድምፁ፣ ቀልዱ፣ የኳስ ክርክሩ መጣ። እሷም ፎቶውን አሳተመች፤ ጽሑፉን በደብተር ገለበጠች። መኝታ ቤቷ ወለል ላይ ዘርግታ በየቀኑ ደረደረችው።

እዚያ ወለል ላይ ነው ጉዱ የወጣው። ከመሞቱ ስድስት ወር በፊት፣ ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን፣ ቲክቶክ ላይ የሰፈር ልጆችን እያስመሰለ ሲያስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ለጥፏል። በዚያው ቀን ቴሌግራም ላይ አንዱን ጓደኛውን «ለምርመራ ሦስት መቶ ብር አበድረኝ፤ እህቴ እንዳትሰማ» ብሎታል። በዚያው ቀን ማታ አንድ የጤና ጉዳይ የሚወያዩበት የፌስቡክ ቡድን ውስጥ በገዛ ስሙ «ደረቴን ሌሊት ሌሊት ይወጋኛል፤ ሳል አለኝ፤ ምን ይሆን?» ብሎ ጠይቋል። ያገኘው መልስ ሁለት ነው። አንዱ «ዝንጅብል ጠጣበት» ይላል። ሁለተኛው የሚስቅ ምልክት ነው።

«ያን ቀን እኔ ቲክቶኩን አይቼለት ነበር» አለችኝ። «ልብ ሰጥቼዋለሁ። ስቄ ልብ ሰጥቼው ተኛሁ። የማውቀው ሳቁን ብቻ ነበር።»

ሳቁን ያየ ብድሩን አላየም። ብድሩን የሰማ ሕመሙን አላነበበም። ሕመሙን ያነበቡት አያውቁትም። ሦስት ቁራጭ ሰው ሦስት ቦታ ነበር፤ ሙሉውን ልጅ ያየ ግን ማንም የለም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ልጁ ራሱም ራሱን በአንድ ላይ አላየውም። እህቱ ስትቆጥረው ያንኑ የሳል ጥያቄ በአራት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ ጠይቋል። አምስቱን በአንድ ገጽ ቢያያቸው ኖሮ «ኧረ ይኼ ነገር ከርሟል» አይልም ነበር? ይድን ነበር አልልም፤ የሐኪም ሥራ ውስጥ አልገባም። ግን የአንድ ቀን ነገር የሚመስለን የአራት ወር ነገር መሆኑን የሚነግረን ቀኖቹን አጠገብ ለአጠገብ ስናያቸው ነው።

ስጡን አስገቡ የምለው ለዚህ ነው። ዋናው ነገር ፎቶ እንዳይጠፋ ብቻ አይደለም። ራሳችንን ሙሉ ሆነን እንድናይ ነው።

እንዴት እናስገባው?

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒዩተር መሐንዲስ አይደለሁም። ባለፈው ክረምት ግን ሦስት እሁድ መድቤ የራሴን አስገብቻለሁ። እኔ ከቻልኩ ማንም ይችላል። በየተራ እንሂድ።

1ኛ፦ ቆጠራ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። እስከዛሬ የከፈታችሁትን ሁሉ ጻፉ፦ ቦታው፣ የተመዘገባችሁበት ስልክ ወይም ኢሜይል፣ እዚያ ያለው ነገር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገባችሁበት ቀን። የዘነጋችሁት ስንት ስጥ እንዳለ ስታዩ ትገረማላችሁ። የይለፍ ቃላችሁን ግን ደብተሩ ላይ እንዳትጽፉ!

2ኛ፦ በሩን ቆልፉ። ሲም ካርዳችሁ በማን ስም ነው? በራሳችሁ ስም ካልሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ አዛውሩት። በፍቅር ጊዜ የተገዛ ሲም በጠብ ጊዜ ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ቴሌግራም ላይ «ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚለውን ከፍታችሁ የራሳችሁን ተጨማሪ የይለፍ ቃል አስገቡ፤ ማስታወሻ ኢሜይልም ስጡት። ያኔ ቁጥራችሁ ሌላ እጅ ቢገባ እንኳ መልዕክታችሁ ዝም ብሎ አይከፈትም።

3ኛ፦ ግልባጭ ጠይቁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይኼን ነው። ፌስቡክ ከ2010 እ.ኤ.አ ጀምሮ የለጠፋችሁትን ሁሉ ሰብስቦ ይሰጣችኋል፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ «መረጃዬን አውርድልኝ» ማለት ነው። ጎግል ከ2011 ጀምሮ «ቴክአውት» የሚባል አገልግሎት አለው፤ ፎቶውንም ዩቲዩቡንም ኢሜይሉንም ጠቅልሎ ይልካል። ኢንስታግራም ከ2018 ጀምሮ ይሰጣል። ቲክቶክም ይሰጣል፤ ለቪዲዮዎቻችሁ ግን አንድ በአንድ ስልካችሁ ላይ ማስቀመጡን አትተዉ። ቴሌግራም የሚሰጠው በኮምፒዩተር ላይ በሚጫነው ፕሮግራሙ ነው። ለደህንነት ሲል አንዳንዴ አንድ ቀን ጠብቁ ሊላችሁ ይችላል። ኮምፒዩተር የሌላችሁ የምታምኑትን ጓደኛ ለምኑ። ሰው በሚጋራው ኮምፒዩተር ከሠራችሁ ደግሞ ያወረዳችሁትን ደምስሳችሁ፣ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ሂዱ።

አደራ! «የሁሉንም የይለፍ ቃልህን ስጠኝና እኔ ልሰብስብልህ» የሚል መተግበሪያ ቢመጣ እንዳትሰጡት። ስጡን ላስገባልህ ብሎ ጆንያውን ይዞ የሚጠፋ አለ።

4ኛ፦ በቀን ደርድሩ። ለየዓመቱ አንድ ማኅደር፣ በውስጡ ለየወሩ አንድ ማኅደር ክፈቱ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ጀምሩት፤ ያኔ ራሱ ተራውን ይይዛል። እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ጣጣ አለ። ስልኩ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኛ የምናስታውሰው በሐበሻ ነው። ሁለቱን ከቀላቀላችሁ ጅረቱ ወደ ኋላ ይፈሳል! አንዱን ምረጡ። እኔ ፋይሉን በፈረንጁ አድርጌ ከሥሩ «የጥምቀት ማግስት»፣ «ጳጉሜ 3» እያልኩ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ያቺ አንድ መስመር ከፎቶው አትተናነስም። ከአሥር ዓመት በኋላ ፎቶው ውስጥ ያለችው ልጅ ማን እንደሆነች የምትነግራችሁ እሷ ናት።

5ኛ፦ ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ እቤት። የውጭዎቹ ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ መመሪያ አለ፦ መጀመሪያ በራስህ ገጽ አትም፣ ከዚያ ለሌላው አካፍል። የራስ ድረ ገጽ መክፈል ለሁላችንም ላይመች ይችላል። ቀላሉ መንገድ ቴሌግራም ላይ ከእናንተ በቀር አባል የሌለበት የግል ቻናል መክፈት ነው። ያነሳችሁትን፣ ያነበባችሁትን፣ ያሰባችሁትን መጀመሪያ እዚያ ጣሉት፤ ቀኑን ራሱ ይይዝላችኋል፤ በኋላም ቃል ጽፋችሁ ትፈልጉታላችሁ። ግን ቴሌግራምም የሰው ግቢ መሆኑን አትርሱ። በወር አንድ ቀን ግልባጩን ወደ ቤት አስገቡ።

6ኛ፦ ሁለት ቦታ። ፍላሽ ይበላሻል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ላፕቶፕ ላይ ቡና ይደፋል። አንዱ ግልባጭ እናንተ ጋ፣ ሌላው እናታችሁ ወይም እህታችሁ ቤት ይቀመጥ። የአንድ ሰው እህል በአንድ ጎተራ ብቻ ከሆነ አይጥ ትበረታለች።

7ኛ፦ አደራ የምትሰጡትን ሰው ምረጡ። «ምን ሟርት ታወራለህ?» አትበሉኝ። ጎግል ከ2013 እ.ኤ.አ ጀምሮ «ይህን ያህል ወር ድምፄ ከጠፋ ለእገሌ ስጥልኝ» የምትሉበት መንገድ አለው። ፌስቡክ ከ2015 ጀምሮ ገጻችሁን የሚጠብቅ ሰው ያስመርጣችኋል። ዝም ያለ አካውንትም ዕድሜ አለው። ጎግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል፤ ዋትስአፕ መቶ ሃያ ቀን ይጠብቃል፤ ቴሌግራምም የራሱ ቀን ስላለው ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ እዩት፤ ወደ ረጅሙ አድርጉት።

ፍቅረኛ ሆይ፣ እጅህን ሰብስብ!

እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። አንድ ወጣት «እኔ እኮ የእሷን ሰብስቤያለሁ» ብሎ አሳየኝ። የፍቅረኛውን ነው! የወደደችውን ፎቶ፣ አስተያየት የሰጠችባቸውን ወንዶች፣ መስመር ላይ የታየችበትን ሰዓት በቀን በቀን ደርድሮ ይዟል። «ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማን ጋር ነበረች?» ይለኛል።

እኔ ደግሞ «ጠይቀሃታል?» አልኩት።

«ቢጠየቅ ማን እውነት ይናገራል?» አለኝ።

ወንድሜ ሙት፣ ይኼ ፍቅር አይደለም፤ ምርመራ ነው። የራስን ኑሮ መሰብሰብ ራስን ማወቅ ነው። የሰውን ኑሮ ሳያውቅ መሰብሰብ ግን ሌብነት ነው። የዚያ ልጅ መዝገብ ስድስት ወር ሙሉ ሲጻፍ እሷ አንድም ቀን ሐሳቧን አልተጠየቀችም። ለካስ በዚያ ሰዓት የምታወራው ዱባይ ካለችው ታናሽ እህቷ ጋር ነበር፤ እህቷ ከሥራ የምትለቀቀው ያን ጊዜ ነው። ሲለያዩ ነው የሰማው።

ልጆች፣ «ከወደድሽኝ የይለፍ ቃልሽን ስጪኝ» የሚል ቢመጣ ፍቅርና ቁልፍ ለየቅል መሆናቸውን ንገሩት። የሰበሰባችሁት ጅረትም ለሁሉ ሰው የሚታይ መሆን የለበትም። ፍሬንድፊድ ዓይነቶቹ አንዱ ችግር ይኼ ነበር፤ ለጓደኛ የተቀለደውና ለአለቃ የተጻፈው በአንድ ገጽ ይደረደራል። ለአክስታችሁ የምታሳዩት ፊትና ለባልንጀራችሁ የምታሳዩት ፊት አንድ አለመሆኑ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። መሰብሰቡ ለራሳችሁ ይሁን፤ ማሳየቱን በልክ አድርጉት።

እንክርዳዱን ምን እናድርገው?

አንዲት ጓደኛዬ ይኼን ሁሉ ሰምታ «እኔ መርሳት ነው የምፈልገው፤ ምን ብዬ እሰበስባለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መርሳትም ጸጋ ነው። ግን ስጥ ከገባ በኋላ ምን ይደረጋል? ይበጠራል፣ ይነፈሳል፣ ይለቀማል። እንክርዳዱ ይጣላል። ተበትኖ ሳለ ግን መልቀም አይቻልም። የድሮ ፍቅረኛህ ፎቶ ሳታስበው ከፌስቡክ «ከአምስት ዓመት በፊት በዛሬዋ ቀን» ብሎ ከሚያስደነግጥህ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ይቆይ ወይም ይጥፋ ብለህ ብትወስን አይሻልም? የሰው ምስጢር ያለበትን ደግሞ አጥፉት፤ የእናንተ አይደለም።

እኔ የራሴን ስለቅም ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ጋዜጣ ላይ ከወጡልኝ ጽሑፎች ሦስቱ የተጀመሩት ለአንዲት ጓደኛዬ በላክሁት ረጅም መልዕክት ነው። እሷ ስትጠይቀኝ እኔ ሳብራራ፣ እሷ ስትከራከረኝ እኔ ሳስተካክል። ተበትኖ ሳለ አይታየኝም ነበር። ደውዬ አመሰገንኳት። «አሁን ገና አወቅክ?» ብላ ሳቀችብኝ።

የሹሩባ ሠሪዋስ? ደንበኞቿን እየዞረች «የሠራሁላችሁን ፎቶ ላኩልኝ» አለች። ከመቶ በላይ ፎቶ ተመለሰላት፤ ግማሹ ከዋሽንግተን ነው የመጣው። አዲስ ሲም በስሟ አወጣች፤ አዲስ ቻናል ከፈተች። ዛሬ የጥር ቀጠሮዋ ሁለት ቦታ ነው፦ ስልኳ ላይና ባለ ሽፋን ደብተሯ ላይ። እህትየዋ ደግሞ ያን የወንድሟን ደብተር አስጠርዛዋለች። እናቷ በየወሩ ያስነብቧታል፤ የሳሉን ገጽ ሲደርሱ ግን «እሱን እለፊው» ይሏታል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሁሉን በአንድ ቀን አድርጉ አልልም። በዚህ እሁድ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ሲም ካርዳችሁ በማን ስም እንደሆነ እዩ፤ ወይም ለፌስቡክ «ግልባጬን ስጠኝ» በሉት፤ ወይም የእናታችሁን ድምፅ ከቴሌግራም አውርዳችሁ ቀኑን ጻፉበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? አንዷ ክር ትበቃለች ለመጀመር።

ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።